ሙቀት በግዢ

በሰኔ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ልብሱን የሚመርጠው የሚሄድበትን አገር አስቦ አይደለም፤ የሚነሣበትን አይቶ ነው። አዲስ አበባ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው። ስለዚህ ሰውዬው ካናቴራ ለብሶ፣ በላዩ ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ጃንጥላውን አንጠልጥሎ ይሳፈራል። የድሮው ባቡር በነበረ ጊዜ የዚህ ሰው መንገድ የሚለካው በሚያወልቀው ልብስ ነበር። ናዝሬት ላይ ጃንጥላው ወደ ዕቃ መስቀያው ይወጣል። መተሐራ ላይ ካፖርቱ ይታጠፋል። አዋሽ ላይ ሹራቡ። ከዚያ ወዲያ ግን ማውለቅ ይቆማል፤ ክራባቷ አትነካም። ድሬዳዋ የሚቀበሉት ሰዎች አሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ አንገቱ ባዶ አይታይም።

ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ዘመዱ ሽርጥ አገልድሟል። ሸሚዙ እስከ ሆዱ ተከፍቷል፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ። እንግዳውን ከላይ እስከ ታች ያየውና «አቦ! ምን ሆነህ ነው? ታመሃል እንዴ?» ይለዋል። እንግዳው በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠዋል፤ «አንተ» መባሉ ከሙቀቱ ቀድሞ ይመታዋል። ምን ያድርግ፣ ድሬዳዋ ውስጥ «እርስዎ» ለማለት የሚበቃ ትንፋሽ የተረፈው ሰው ብዙ አይደለም።

የሁለቱን ሰዎች ልብስ የለያየው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሬዳዋ ከዚያ ግማሽ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። በ1,000 ሜትር ዝቅ ባልን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይሞቃል። ደመናውና ዝናቡም ለደጋው ስለሚያደላ፣ አንዱ በብርድ ልብስ ሥር ሰኔን ሲረግም ሌላው በ35 ዲግሪ ሰኔን ይረግማል። ወሩ አንድ፣ አገሩ አንድ፣ እርግማኑም አንድ ነው።

ከተማዋ እዚያ የተቀመጠችው ሙቀት ወድዳ አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የታሰበው ለሐረር ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ለባቡር የሚቀመስ አልሆነም፤ ወጪውም ከበደ። ሐዲዱ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ በ1902 መጨረሻ፣ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ለሥፍራው «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ታስቦለት ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ሙቀቱ ጸና። ባቡር ዳገት ፈርቶ በቀረበት ቦታ ይኸው ስንት ትውልድ ያልባል።

እንዲህም ሆኖ ይህን ሁሉ ላብ በፈጣሪ ላይ ማሳበብ ግፍ ነው። ከላይ የመጣው ሙቀት የታወቀ ነው። የቀረውን እኛ ነን ከሱቅ እየገዛን፣ በተሸካሚ እያስጫንን፣ ለጎረቤት እያሳየን ወደ ቤት ያስገባነው።

ከጣራው እንጀምር። የቆላ ሰው ሙቀትን ሲያውቀው የቆየ ነው። አፋሩና ሱማሌው ከቅርንጫፍና ከሰሌን የሚቀልሱት ጎጆ ነፋስ በየቀዳዳው ያስገባል፤ ሰፈሩ ካልተመቸም ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። ሣር ክዳኑ ቤትም እንዲሁ ዘዴ ያውቃል፤ በሣሩ መካከል የታሰረው አየር የፀሐዩን ግለት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ቀትር ላይ ሣር ቤት የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ጨለማውን፣ ቆዳው እስኪለምድ ቅዝቃዜውን ያደንቃል።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ባለቆርቆሮ መባል ባለሀብት መባል ሆነ። «ሣሩን ለምን አፈረሳችሁት?» ብላችሁ ብትጠይቁ በቂ መልስ ታገኛላችሁ፤ ሣር ምስጥ ይበላዋል፣ ያፈስሳል፣ አንድ የእሳት ፍንጣሪ ሰፈር ያስፈጃል። ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም በላይ ያፈረሰው ግን ከጎረቤት ጣራ ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ውስጥ የገባው ብርሃን ነው። የጎረቤትን ቆርቆሮ ነጸብራቅ የሚከላከል አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልሶ የሚያንጸባርቅ የራስ ቆርቆሮ። ባለቤቱ ቆርቆሮውን ካስመታ በኋላ በቀትር ቤቱ ምጣድ ሆነበት፤ እሱ ግን አልተማረረም። ጣራው በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ማታም ሲኮማተር እየተንጣጣ ስለሚያድር እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቆርቆሮው ነው» እያለ ለማስረዳት ምክንያት አገኘ።

ቀጥሎ ሙቀቱን ለማስታገስ ኮርኒስ ተገዛ። አቡጀዲ ወይም ጆንያ ተወጥሮ ኖራ ተቀባ። አይጦች ደስ አላቸው። ኮርኒሱ ጥቂት አበረደ፤ ባለቤቱም በተረፈው ገንዘብ መስኮቱን አጠበበው፣ ሌባ እንዳይገባ ተብሎ። ነፋስም ከሌባው ጋር ቀረ።

አልጋውም ታሪኩ ያው ነው። የጠፍር አልጋ የተሠራው በተጠላለፈ የቆዳ ጠፍር ነው፤ በጠፍሩ መካከል አየር ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ የተኛው ሰው ጀርባ ይተነፍሳል። ለቆላ ከዚህ የተሻለ መኝታ ቢፈለግ ለማግኘት ያስቸግራል። ትኋን ይወደዋል የሚል ወቀሳ አለበት፤ ትኋን ምቾት ያውቃል። የጠፍር አልጋው ወደ ጓሮ ተጣለና የስፖንጅ ፍራሽ ገባ። ስፖንጅ የሰውነትን ሙቀት ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ መልሶ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ይህም ሳይበቃ፣ ፍራሹ ከሱቅ ሲመጣ የተጠቀለለበት ላስቲክ አይወልቅም። ለምን ሲባል፣ እንዳይቆሽሽ። ስለዚህ አባወራው በሰኔ ወበቅ ላስቲክ ላይ ተኝቶ፣ በተገላበጠ ቁጥር እየተንኮሻኮሸ፣ ሲነጋ በራሱ ላብ ላይ ዋኝቶ ይነሣል። ፍራሹ ንጹሕ ነው።

ደግነቱ በድሬዳዋ ሌሊት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሞኝ ጥቂት ነበር። ምሽት ላይ ግቢው ተጠርጎ ውሃ ይረጫል፤ አፈሩ ሽታውን ሲሰጥ አልጋዎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። አጎበር የሚወጠርለት ይወጠርለታል። ከዚያ የሰፈሩ የቀን ሚስጥር ሁሉ ያበቃል። በአንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ካለ አምስት ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር፣ ያውም ጣራው ሰማይ በሆነበት፣ ይተኛል። የማን ባል እንደሚያንኮራፋ፣ የማን ልጅ በሕልሙ የሒሳብ መምህሩን እንደሚለምን፣ ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ሁሉም ያውቃል። ባልና ሚስት መጣላት ካማራቸው ሙቀቱን ችለው ወደ ቤት ገብተው በር ዘግተው ይጣላሉ። ሌሊት በሩ የተዘጋበት ቤት ታዲያ ጠቡ ባይሰማም መጣላቱ ታወቀ ማለት ነው። አልፎ አልፎ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ዝናብ ይጥላል፤ ፍራሽ የተሸከመ ሰው ሁሉ እየተጋጨ ወደየበሩ ይሮጣል። በዚያ ጨለማ ሳይርስ የሚገባው ያ በላስቲክ የተጠቀለለው ፍራሽ ነው። በዚህች ሰዓት ብቻ ባለቤቱ ትክክል ነበር፤ እሱም ለዓመት የሚበቃውን ያህል ያወራዋል።

የውሃውን ነገር ሳስብ እንስራን የተወ ሰው ይገርመኛል። እንስራ ረቂቅ ሳይንስ የለውም። ሸክላው በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የተሞላ ነው፤ ውሃው በትንሽ በትንሹ ወደ ውጭ ይሰርጋል፣ ገላው ላይ ይተናል፣ ሲተንም ከውስጡ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአጭሩ እንስራው በእኛ ፈንታ ያልባል። ጥላ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ካስቀመጡት የቀትር ውሃው ጥርስ ባይሰብርም ጉሮሮ ያርሳል። መንገደኛ በቆዳ እርኮት፣ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ዕቃ ከመኪናው ጎን አስሮ ያንኑ ዘዴ ይሠራበት ነበር፤ መኪናው በፈጠነ ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል። ዘዴው የሚያፍረው ባሕር ዳርቻ ሲደርስ ነው። በጅቡቲና በምጽዋ ወበቁ አየሩን በእርጥበት ስለሚሞላው ላብም ውሃም የሚተንበት ቦታ ያጣል። ድሬዳዋ ግን ደረቅ ስለሆነች እንስራ የተሠራው ለእሷ ይመስላል።

እንስራው ተሰበረና ቢጫው ጀሪካን ተተካ። ጀሪካን አይሰበርም፣ አያልብም፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሻይ ቅጠል ብቻ የሚጎድለው ውሃ ያቀርባል። ከዚያ ዐቅም ያለው ፍሪጅ ገዛ፤ መጀመሪያ በነጭ ጋዝ የሚሠራውን፣ ኋላ በመብራት። ፍሪጁ የሚቀመጠው ወጥ ቤት አይደለም። ሳሎን ነው፤ ከእንግዳ ፊት ለፊት፣ ዳንቴል ለብሶ፣ በዳንቴሉ ላይ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት። ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ከእናት ቀሚስ ኪስ አይወጣም። የሰፈሩ ልጆች ጎድጓዳ ሳህን ይዘው «እማዬ በረዶ ስጧት ብላለች» እያሉ ይሰለፋሉ። ፍሪጅ ከውስጡ የሚያወጣውን ሙቀት የትም አያጠፋውም፤ በጀርባው በኩል ይተፋዋል። የሚተፋው ሳሎኑ ውስጥ ነው። እንግዳው ቀዝቃዛ ሚሪንዳ ይቀርብለታል፤ ከሚሪንዳው የወጣውን ሙቀት ደግሞ በሌላ በኩል ተቀምጦ ይሞቃል። «ዛሬ ሙቀቱ ጉድ ነው» ይላል። «የዘንድሮው ይለያል» ይሉታል።

አለባበሱን ክራባቷ ላይ አንሥቼዋለሁ፤ ግን ሠርግ ሳይነሣ አይታለፍም። ድሮ ሠርግ ዳስ ነበር። ቅጠል ለብሶ፣ ጎኑ ክፍት ሆኖ፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው ጠላውን ይዞ ነፋስ ያገኝ ነበር። ድንኳን ሲመጣ ዳስ የድሃ ሆነ። ድንኳን ሸራ ነው፤ ጎኑም የሚዘጋው ያልተጠራ ሰው እንዳያይ ነው። በግንቦት ቀትር እዚያ ውስጥ አምስት መቶ ሰው፣ አሥር ብረት ድስት ወጥ፣ አንድ ድምፅ ማጉያ አስገቡ። ሙሽራው ሱፍ ለብሷል። በሱፉ ላይ ወርቀ ዘቦ ካባ ደርቦበታል። ሚዜዎቹ በየተራ መሐረብ ያቀብሉታል። ቪዲዮ ቀራጩ ባለ ሁለት ሺህ ሻማ መብራቱን ፊቱ ላይ ተክሎ «ፈገግ በል» ይለዋል። ይህን ቪዲዮ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያዩ ልጆች አባታቸው በደስታ ብዛት ያለቀሰ ይመስላቸዋል።

ይህ ሞኝነት የእኛ ብቻ ነው የሚል ካለ ኒውዮርክን ይመልከት። በአንድ ወቅት እዚያ ወንድ ልጅ የገለባ ባርኔጣ የሚያደርገው በበጋ ብቻ ነበር፤ ከመስከረም መጀመሪያ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 15 በኋላ አድርጎ የተገኘ መሳለቂያ ነበር። ሙቀቱ ቀጠለ አልቀጠለ አይጠየቅም ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. ጎረምሶች ቀኑ ሳይደርስ በሁለት ቀን ቀደም ብለው መንገድ ላይ የሰው ባርኔጣ እየነጠቁ መርገጥ ጀመሩ። ነገሩ ወደ ድብድብ ዞሮ ለቀናት ቀጠለ፤ የታሠረ ታሠረ፣ የተደበደበ ሆስፒታል ገባ። የአየሩን ነገር ቴርሞሜትር ሳይሆን ቀን መቁጠሪያ የሚወስንበት አገር የእኛ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መስኮቱ እንምጣ።

አውቶቡስ ነው። ሚያዝያ ነው። መተሐራ ታልፏል። ስድሳ ሰው፣ በየእግሩ ሥር ከረጢት፣ ከረጢቱ ላይ የሰው ልጅ። መስኮቶቹ በሙሉ ዝግ ናቸው። አንድ ወጣት ሲታፈን ቆይቶ ይደፍርና መስኮቱን በአራት ጣት ያህል ይገፋዋል። ከሦስተኛው ወንበር ድምፅ ይመጣል።

«ልጄ፣ ዝጋው።»

«ሙቀት ነው እኮ፣ እማማ።»

«ሙቀቱስ ሙቀት ነው። ንፋሱ ነው የሚገድለን።»

ወጣቱ ለመከራከር ሲዘጋጅ አውቶቡሱ ጉባኤ ይሆናል። አንደኛው ጋሼ ላብ ላይ ንፋስ መጥቶበት በአንድ ሌሊት አፉ የተጣመመ አጎት እንደነበራቸው ይናገራሉ። ሌላዋ እትዬ የታዘለችውን ልጃቸውን እያሳዩ «ለሕፃን አታዝንም?» ይሉታል፤ ሕፃኗ በጋቢ፣ በጋቢው ላይ በፎጣ ተጠቅልላ ከአፍንጫዋ ጫፍ በቀር አትታይም፣ እሷም ቀልታለች። ከፊት አንድ የተማረ የሚመስል ሰው የሳንባ ነቀርሳ የሚዛመተው በታፈነ አየር ነው የሚል የጤና ምክር ይጠቅሳል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ከስንት ዘመን ጀምሮም ሲነገር ኖሯል። «አንተ ነቀርሳ አለብህ እንዴ?» ይባላል። ሰውዬው ጋዜጣውን ያነሣል፣ ለማራገቢያ። መስኮቱ ይዘጋል። የሹፌሩ መስኮት ግን ከተነሣ ጀምሮ ወለል ብሎ ክፍት ነው፤ ክርኑን አውጥቶ ሸሚዙ እየተውለበለበ ይነዳል። ሹፌርን ንፋስ አይመታውም። ለምን እንደማይመታው የጠየቀ ተሳፋሪ እስከ ዛሬ አልታየም።

ከንፋሱ ሌላ ምች አለ። ቡና ጠጥቶ ወይም ዶሮ ወጥ በልቶ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች ይመታዋል፤ ከንፈሩ ይቆስላል፣ ይተኩሰዋል። በከንፈር ላይ የሚወጣውን ቁስል የሚያመጣው በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቫይረስ ነው፤ ፀሐይም ትኩሳትም ይቀሰቅሱታል። ስለዚህ ፀሐይን የጠረጠሩት እናቶቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ዶሮዋ ግን በሐሰት ነው የተከሰሰችው። የሚያስቀኝ ሕክምናው ነው። ዳማ ከሴው ይሁን፤ የሚሸተትም የሚጠጣም ነው። መታጠኑ ግን፣ በሰኔ፣ በድሬዳዋ፣ በቆርቆሮ ቤት፣ የፈላ ባሕር ዛፍ ላይ አቀርቅሮ በብርድ ልብስ መሸፈን! በሽተኛው ከብርድ ልብሱ ሲወጣ የውጪው 35 ዲግሪ እንደ ደጋ ይበርደዋል። «ይኸው ለቀቀው» ይባላል።

ፈረንጁም የራሱ ምች ነበረው። የእንግሊዝ ወታደር ወደ ሕንድ ሲላክ ሆዱ ላይ የሚጠመጥመው የሱፍ መቀነት ይሰጠው ነበር። ኮሌራ የሚመጣው ሆድ ሲበርደው ነው ተብሎ ነው። በሕንድ ሙቀት፣ ሱፍ! ሮበርት ኮክ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮሌራን ተህዋሲ ለይቶ ካሳየም በኋላ መቀነቱ ለብዙ ዓመታት ከወታደሩ ወገብ አልወረደም። ተህዋሲውን በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል፤ የሠራዊት ደንብ ግን በማይክሮስኮፕ አይታይም።

ድሬዎች እስካሁን ዝም ያልኩት ከእነሱ ጋር ስለተስማማሁ እንዳይመስላቸው። ቀትር ላይ ሱቃቸውን ዘግተው መተኛታቸውን አደንቃለሁ። የመንግሥት ቢሮ እንኳ በቆላ ከተሞች ጠዋት ቀደም ብሎ ገብቶ ቀትሩን ረዘም አድርጎ ያርፋል፤ እስከ 9 ሰዓት ገደማ ማኅተሙም ሰውየውም አይገኙም። በ7 ሰዓት የድሬዳዋ መንገድ ላይ የሚታየው ጥላ ያጣ ፍየልና ጉዳይ ያለበት የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ፍየሉ ቶሎ ይማራል። ነገር ግን ከእንቅልፍ በኋላ የሚመጣውስ? ያ ሁሉ ሙቀት አዋቂ ሕዝብ፣ ሽርጡን ለብሶ፣ ነፋስ የሚገባበትን ጥላ ትቶ፣ ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ይገባል። በርጫው ይዘረጋል። ምርቃና ነፋስ አይወድም ተብሎ መስኮት ይዘጋል። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ሻይ ይፈላል። አሥር ሰው በአንድ ክፍል ጉንጩን ወጥሮ ያልባል፤ በጉንጩ ያለው ጫት ከሐረርጌ ደጋ ከነቅዝቃዜው የወረደ መሆኑ አያሳስበውም። ስለ አውቶቡሱ መስኮት ብነግራቸው ይስቁ ነበር። «ደገኛ እኮ ነው፣ አቦ!» እያሉ፣ በሩን ግጥም አድርገው ዘግተው።

ቬንትሌተር ሲመጣ ነገሩ የሚሻል መስሎ ነበር። ግን ቬንትሌተርም ማዕረግ አለው። የሚዞረው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ አንገቱም ወደ ትልቁ እንግዳ ይቆለፋል፣ ከአጠገቡ ያለው በአጋጣሚ ያመለጠውን ይቃመሳል። እንግዳው ወጥቶ ሳይርቅ ይጠፋል፣ መብራት ይቆጥራልና። ልጆች ባገኙት ቀዳዳ ፊታቸውን አስጠግተው «ኣኣኣ» ይሉበታል፤ ድምፃቸው ተቆራርጦ ሲመለስላቸው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መሣሪያውን በትክክል የተጠቀሙበት እነሱ ብቻ ናቸው። ክረምቱ ሲያልፍ ከነሳጥኑ ላስቲክ ለብሶ ይቀመጣል፤ በዚያ ቤት ላስቲክ የማይለብስ ነገር የለም።

ኤሲ የሚባለውም ሲጀመር ለሰው ታስቦ የተሠራ አይደለም። ዊሊስ ካሪየር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት ንድፉን ያወጣው በጁላይ 1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ ከመድረሱ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ። ችግሩ የሠራተኛው ላብ አልነበረም። ወረቀቱ በበጋው እርጥበት እየተነፋ ቀለሙ ቀለሙ ላይ አልገጥም ብሎ ነበር። ማሽኑ ወረቀቱን አደረቀ፤ ሰዎቹም በወረቀቱ ጥላ ቀዘቀዙ። በዚያው ዓመት አንድ ሐዲድ ሰውን ወደ ሙቀት ሲያወርድ አንድ ንድፍ ወረቀትን ከሙቀት ሲያወጣ ነበር። ሁለቱ ድሬዳዋ ላይ ለመገናኘት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

አሁን ተገናኝተዋል። ያ ሣር ክዳን ሊሠራው ይችል የነበረውን፣ ጠፍሩና እንስራው ሲያግዙት የነበረውን ሥራ፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሣጥን በመብራት ቆጣሪ ይሠራዋል። ሪሞቱ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩ 17 ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ስለማይወርድ እንጂ ኃላፊው ገና አልጠገቡም። ከአዲስ አበባ ይዘውት የመጡትን ሱፍ ያለ ሐፍረት የሚለብሱበት ቦታ በመጨረሻ ተገኝቷል። ጸሐፊዋ ሹራብ ገዝታለች፤ ድሬዳዋ ገበያ ላይ ሹራብ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ነግራኛለች። በሻይ ሰዓት ሠራተኛው ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ባለጉዳይ በላብ ተጠምቆ ገብቶ፣ ወረፋ እየጠበቀ ደርቆ፣ እያስነጠሰ ይወጣል፤ ቤቱ ሲደርስም «ኤሲ መታኝ» ይላል። ንፋስ ሥራውን ለተተኪ አስረክቧል።

የሣጥኑ ሌላው ወገን ከቤቱ ውጭ ተሰቅሏል። ከክፍሉ የነጠቀውን ሙቀት፣ የራሱን ሞተር ግለት ጨምሮበት፣ ቀን ከሌት ይተፋል። የሚተፋው በጎረቤት መስኮት ላይ ነው። ጎረቤት ይህን መስኮት ንፋስ ፈርቶ ዕድሜ ልኩን ከፍቶት ስለማያውቅ መጀመሪያ ላይ አልተሰማውም ነበር። ዘንድሮ ግን ግድግዳው ሲግል ነቃ። ዋጋ እየጠየቀ ነው፤ የሚገዛው ከቢሮው በአንድ ቁጥር የሚበልጠውን ነው አሉ። የውጪውን ሣጥን ወዴት አዙሮ እንደሚሰቅለውም ከወዲሁ ወስኗል።